ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

የፋሲካው ዶሮ ገና ከሆዴ አልወረደም። አብዱልፈታ ወገቤን በሜትር እየለካ «ምነው ልደት፣ በዓሉ በሙሉ እዚህ ነው እንዴ የዋለው?» ይለኛል። መኪና ግርግር መንገድ ላይ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ እንደ እሱ ምላሰኛ የለም። እጁ ግን ወርቅ ነው። ውላችን ቀላል ነው፤ እኔ የሰፋውን ለብሼ ፎቶ እነሣለታለሁ፣ እሱ ለባንዳችን የመድረክ ልብስ ይሰፋልናል።

ነገ ፎቶ አለን። አንድ ፎቶ ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ሱቅና ለኮንሰርታችን ፖስተር። ቦታው ጀጎል ውስጥ፣ የነሐሊማ ቤት ነው። ሐሊማ ድራም ትመታለች። ዮሴፍ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ፎቶ የሚያነሣውም እሱ ነው። እኔ ጊታርና ድምፅ። «ካፊያ» እንባላለን። የምንጫወተው ሮክ ነው። እናቴ ግን «የጩኸት ማኅበር» ትለናለች፤ እንኳን ስለ ሮክ ልታውቅ፣ ጊታሬን እስከ ዛሬ ክራር ነው የምትለው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሐሊማ ድሬዳዋ አክስቷ ጋ ሄዳለች። በሩን የከፈቱልን እናቷ አይ ዋፊቃ ናቸው። ሐረሪዎች እናትን «አይ» ይላሉ፤ እኔም እዚያ ቤት እየወጣሁ እየገባሁ ስላደግኩ እንደዚያው ነው የምጠራቸው። «ቤቱ ቤታችሁ ነው፣ እኔ ጊደር መጋላ ቅመም ልገዛ ነው» ብለው ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አድርገው ሄዱ።

ቀሚሱ ቀይ ነው። ቤቱም ቀይ ነው፤ ወለሉ ቀይ፣ መደቡ ቀይ። ዮሴፍ ዞሮ ዞሮ «ቤቱ ዋጠሽ፣ አትታዪኝም» አለ። ቀና ስል ከበሩ በላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አረንጓዴ ምንጣፍ አየሁ። ወንበር ላይ ወጣሁና ከመቼው አወረድኩት። ዘረጋነው፣ በሩ ሥር ተቀመጥኩበት። ከጎኔ አይ ዋፊቃ በእጃቸው የሰፏቸው ሙዳዮች፣ ከራሴ በላይ ባዶው እንጨት፣ ከግቢው የሚገባው ብርሃን። እሰይ! ዮሴፍ እንዲህ ዓይነት ፎቶ አንሥቶ አያውቅም፣ እኔም እንዲህ አምሬ አላውቅም። ራሴን ላመስግን እንጂ፣ ሌላ ማን ያመሰግነኛል።

አይ ዋፊቃ ሳይመለሱ ጠቅልለን ወደ ቦታው መለስነው። እንዳገኘነው አድርገን ወጣን።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ሸዋ በር አጠገብ ያለው ቱቦ እንደ ዓምናው በፌስታል ተደፍኖ ውኃው ሰው ቤት ገባ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓንት አድርገን ስንጠርግ ዋልን። የወጣው ሁሉ የጫት ፌስታል ነው። ጫት ሻጯ ወይዘሮ ዕፀገነት ጃንጥላቸው ሥር ሆነው ያዩናል።

«አንቺ ልጅ፣ ፌስታል ይቅር ትያለሽ አሉ። ታዲያ ጫቱን በምን ልጠቅልለው? በዘፈንሽ?»

«በኮባ ቅጠል። እናትዎ ድሮ በምን ነበር የሚሸጡት?»

«እናቴ ድሮ እስከ ድሬ ጠያራ በእግሯ ነበር የምትሄደው። እኔም በእግሬ ልሂድልሽ?»

ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ግን ከቱቦው የወጣውን ክምር ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ግንቦት 23 ኮንሰርት የምናዘጋጀው ለዚህ ነው። መግቢያው ገንዘብ አይደለም፤ ከቱቦ የተለቀመ ፌስታል ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው። (ዮሴፍ የእኔ ነው ይላል። አይደለም።)

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ፖስተሩ ወጣ! ከፈረስ መጋላ እስከ ጊደር መጋላ ድረስ እኔው ነኝ። ከሥሬ በትልቁ «ከተማችንን እንወቅ፣ ከተማችንን እንጠብቅ»። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ በባጃጅ ሲያልፍ አይቶኝ «‹ዘውዴ፣ ልጅህ ከጀጎል ግንብ በለጠች› ይሉኛል» አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚኮራበት ነገር አጥቶ ነበር።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

አዲስ አበባ ያለ አንድ የጨርቅ ድርጅት ጻፈልን። ፎቶውን አይተው ወደውታል። ትልልቅ ሰሌዳ ላይ ሊያወጡት ይፈልጋሉ፣ እኔንም ለሌላ ሥራ ሊጠሩኝ። ተረጋጊ ልደት።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ልምምድ። ሐሊማ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሦስቴ አጣደፈችው። ዮሴፍ ሲወጣ ጠየቅኳት። ሸዋሊድ ዕለት፣ ያ ሁሉ ልጃገረድና ጎረምሳ አምሮና ደምቆ ሲወጣ፣ ከዘካሪያ ጋር እንደተነጋገሩ ያኔ ነግራኝ ነበር። ልጁ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው፣ እናቱ ግን እዚሁ ጀጎል ናቸው። በወሩ ሽማግሌ እንልካለን ብለው ነበር። ወሩ አልፏል። ሰዎቹ ድምፃቸውን አጥፍተዋል፣ እሱም ስልክ አያነሣም።

«አንቺ ለምን አትጽፊለትም?» አልኳት።

«እኔ? ወላሂ፣ ከዚያስ ከበሮዬን ተሸክሜ ከተማውን ብለቅ ይሻላል።»

ሥራ ይዞት ይሆናል አልኳት። አሳዘነችኝ። ድሬዳዋ ካገባች ድራሙን ማን ይመታል የሚለው ጭንቅላቴ ውስጥ ሽው አለ፣ ግን እሱ አይደለም ያሳሰበኝ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ልብስ ልሞክር ብሄድ አብዱልፈታ ስፌት መኪናውን አቆመ። ያ ሰው መኪና አያቆምም፤ ሲያማም እየሰፋ ነው።

«ሐሊማ ለማን ታጨች?» አለኝ።

«ማን ታጨች አለህ?»

«አንቺ ነሻ!» በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር አሳየኝ። «ይኼ የማን ቤት ነው?»

«የአይ ዋፊቃ።»

«አዎ፣ ስፌታቸውን የማያውቅ የለም። ከበሩ በላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም የለም» ብሎ ደገመው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዳኝ። በሐረሪ ቤት ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ በዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች፣ ያልታጨች ልጅ አለች ማለት ነው። ስትታጭ ይወርዳል። ማንም አይናገረውም፣ ሁሉም ያየዋል። «ምንጣፉ ወርዶ እያየ ሽማግሌ የሚልክ ጨዋ የለም። በሰው እጮኛ ላይ መሄድ ነውር ነው።»

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ። ወይ ጉድ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ፖስተር ማንሣት አለብኝ። ሌላ ፎቶ የለንም። አዲስ አበባዎቹ ለሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ቱቦ ጠረጋ በስምንት ሰዓት። ለሐሊማ ደውዪ።

አልደወልኩም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

እያሰብኩበት ነው። ኮንሰርቱ የከተማው ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ቱቦው ካልተከፈተ ስንት ቤት ነው ውኃ የሚገባው። ፖስተሩን አሁን ብናነሣው ሰው ኮንሰርቱ ቀረ ይላል። ከኮንሰርቱ በኋላ ሄጄ እናገራለሁ። ዘካሪያ ከወደዳት ይጠብቃል፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት። ደግሞም ድሬዳዋ ሙቀቱ አይቻልም፣ ሐሊማ ሙቀት አትወድም።

ለእነዚያ ለአዲስ አበባዎቹ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ አባባን እንዲሁ በወሬ ወሬ ስለ ምንጣፉ ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም። «የእኛ አያቶች መጥተው ከግንቡ ውጭ ቤት ሠሩ» አለ። «ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን። ሰርግም ለቅሶም እንጠራራለን። ግን ሰው የጎረቤቱን በር ከውጭ በኩል ነው የሚያውቀው።» እናቴ ከጓዳ ሆና «ከተማችንን እንወቅ ያለው ማን ነበር?» አለች። ነገሩን ሳታውቅ ነው ያለችው። ወይስ ታውቃለች?

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያየሁትን ባላየሁ።

ለእናቴ በርበሬ ልገዛ ጊደር መጋላ ሄድኩ። አይ ዋፊቃ ሁለት ድንኳን አለፍ ብለው እርድ ያስመዝናሉ። አንዲት ሴትዮ አቅፋ ሳመቻቸውና «ማሻአላህ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ደብቀሽን ነው እንጂ!» አለች። አይ ዋፊቃ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። ምን እንደተባሉ አልገባቸውም። ሴትዮዋ ስትሄድ ዘወር ሲሉ ግድግዳው ላይ ያለሁትን እኔን አዩ። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩኝ። የፖስተሩን እኔን ማለቴ ነው፤ እውነተኛዋ እኔ ከጆንያ ጀርባ ነበርኩ። ከዚያ ያስመዘኑትን እርድ ትተው ሄዱ፤ ባለሱቁ እየጠራቸው።

ወጥቼ ላናግራቸው ይገባኝ ነበር። አልወጣሁም። መድረክ ላይ ስንት ሰው ፊት የምጮህ ሴት!

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ልምምድ እዚያው ቤት። አይ ዋፊቃ እንደ ወትሮው ሆጃ አፍልተው አመጡልን። እንደ ወትሮው «ጠጡ ልጆቼ» አሉ። ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ቀና ስል ምንጣፉ ቦታው ላይ ነው፣ እንዳስቀመጥኩት፣ አንዱ ጫፉ ወጣ ብሎ። እንዳገኘነው አድርገን አልነበረም ለካ የወጣነው።

ሐሊማ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «እናቴ ነገረችኝ፣ የፎቶውን» አለች።

ጊታሬን ወደ ሌላኛው ትከሻዬ አዛወርኩ።

«አብሽሪ» አለችኝ። «አታውቂ፣ ምን ታደርጊ።»

አታውቂ። ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ዐውቃለሁ እኮ! አፌን ከፈትኩ፣ ባጃጅ መጣ፣ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ነው የሄድኩት፤ ባለባጃጁ «እኔን ነው እህት?» አለኝ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ዛሬ የዘካሪያ እናት ቤት ሄድኩ፣ ብቻዬን። ከጁምዓ በኋላ ነበር። ነጠላዬን ደህና አድርጌ ለብሼ፣ ዝቅተኛው መደብ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከፍ ካለው ላይ ሆነው ያዩኛል። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ምንጣፉን ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ለቀለሙ ብዬ ነው፣ ሐሊማ ከተማ ውስጥም አልነበረችም፣ አልታጨችም።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ዋፊቃ አላከችሽም?»

«በፍጹም። መምጣቴንም አያውቁም።»

«እንኳንም አላከችሽ። የሴት ወገን ሰው ልኮ ‹ልጃችን አልታጨችም፣ ኑ› ይላል? ይኼ ከዚህ ቤት ቢወጣ ልጅቷ ጭራሽ ትዋረዳለች።»

ላቃና ሄጄ ልሰብረው ነበር። ይቅርታ ልል ስነሣ እጃቸውን አነሡ።

«ተቀመጪ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአስተማሪ ዘውዴ።»

«ልጄን ሒሳብ አስተምሯል» አሉ፤ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «እንግዲህ ስሚኝ። ፎቶሽ ለከተማው ሁሉ ነው ያወራው። አንቺ ደግሞ ለእኔ ጆሮ ብቻ ልታወሪ መጣሽ። እኔ ባምንሽ የባሌ ወንድሞች ያምኑሻል? እኔ ዛሬ እንግዳ አልመጣብኝም። ሂጂ፣ ባወራሽበት አፍ መልሰሽ አውሪ።»

ቤት ስደርስ ገባኝ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ጠዋት በአንድ ሰዓት አይ ዋፊቃ በር ላይ ቆምኩ። ዛሬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ከአብዱልፈታ ሰምቼ ስንት ቀን ዝም እንዳልኩም ጭምር። የዘካሪያን እናት ብቻ አላነሣሁም። ሐሊማ ከጀርባቸው ቆማ ትሰማለች።

አይ ዋፊቃ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አስተካከሉ። «ቁልፉን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ‹ላውርደው ወይ› ብትይኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል እኮ ነው።»

አለቀስኩ። ቀጥሎ ግን ፎቶውን እንደገና ልናነሣ እንደምፈልግ፣ እዚያው በር ሥር፣ ምንጣፉ ከላይ ሆኖ፣ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠየቅኳቸው! «ይኼን ቀድመሽ ብታስቢ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። የምንጣፉን ጫፍ ራሳቸው አስተካከሉት።

ዮሴፍ ካሜራውን ይዞ ሲያጉረመርም ዋለ። «ቀይ በቀይ፤ ከላይ ደግሞ ምንጣፉ እንደ ቆብ ተደፍቶብሻል።»

«ወሪያ፣ ምንጣፉን አንሣ፣ እኔ ብቀርም ቅር» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ፎቶው አያምርም። አፌ ተከፍቷል፣ ቀሚሱ አይታይም። ምንጣፉ ግን ከሩቅ ይታያል። አብዱልፈታ ሲያየው መኪናውን እንደገና አቆመ፤ አሁን ግን ለሳቅ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ሦስታችን አሮጌውን ፖስተር በውኃ እያራስን ላጥን፣ አዲሱን ለጠፍን። ጊደር መጋላ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ምንም አላሉም። ማለትም አያስፈልግም።

ለአዲስ አበባዎቹ የመጀመሪያው ፎቶ የትም እንዳይወጣ ጻፍኩ። አዲሱን ላኩላቸው። መልሳቸው አጭር ነው፤ «እናመሰግናለን፣ ሌላ ጊዜ።» አንጀቴ አረረ። አባባ ግን አዲሱን አይቶ «ይኼ ነው ልጄን የሚመስለው» አለ። አባት ምን ያውቃል።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ድምፄ ጠፍቷል። በጣቴ ነው የማወራው። ትናንት ፌስታሉ በር ላይ ተራራ ሆነ! ወይዘሮ ዕፀገነት ሳይቀሩ መጡ፣ አንድ እስር ጫት በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከፍ አድርገው አሳዩኝ። «ለዛሬ ብቻ ነው!» ብለው ጮኹ። ለዛሬም ይሁን።

ሐሊማ። ሐሊማን ማን ይጽፋታል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ዮሴፍም እኔም አቆምንና እሷ ብቻዋን መታች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰርግ ላይ ስትሰማው ያደገችውን የሴቶቹን ከበሮ ከሮኩ ጋር አጋጨችው። ከኋላ የቆሙት እናቶች አጨበጨቡላት። ከእነሱ መሐል የዘካሪያ እናት ነበሩ። እኔን አላዩኝም። እንግዳ አልመጣባቸውማ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ዓረፋ። እነሐሊማ ቤት በላሁ። ሆዴ! በዚህ ላይ ነገ ልለካ ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። አራት ነበሩ አለችኝ ሐሊማ በስልክ፤ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። ሰርጉ ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ኢንሻአላህ። ከዚያ ድሬዳዋ።

«አንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው» አለች።

«አንድ ሰዓት መንገድ ነው» አልኩ።

ከድሬዳዋ እየተመላለሰ ድራም የሚመታ የለም፣ እሷም ታውቃለች።

«ልደት፣ ያን ማክሰኞ ሰምተሽ ለምን እስከዚያ እንደዘገየሽ ዐውቃለሁ» አለች።

«ለምንድን ነው?»

«እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እዘገይ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ከፍቶኛልም፣ ከልቤ። እናቴ ገብታ አየችኝና ጊታሬን ከአልጋዬ ላይ አንሥታ ጥግ አስቀመጠችልኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አይ ዋፊቃ ላኩብኝ። ስደርስ ቤቱ በሴት ሞልቷል፤ አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ መደቡ ሁሉ ተይዟል። ዝቅተኛው ላይ ልቀመጥ ስል አይ ዋፊቃ «አትቀመጪ» አሉኝ። ያ ወንበር በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ያን ቀን በማን ፈቃድ አወረድሽው?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«በራሴ» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ከተማው በሙሉ ያውቃል ለካ።

«ዛሬ በእኔ ፈቃድ ታወርጂዋለሽ።»

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ሐሊማ መጥታ እግሩን ያዘችልኝ፣ እንዳይነቃነቅ። ሁለት እጄን ሰድጄ ምንጣፉን አቀፍኩት። ያን ቀን ከመቼው ነበር ያወረድኩት፤ ዛሬ እዚያው ቀረሁ። ከበደኝ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፣ እኔ አቅፌው ቆሜያለሁ።

«ልደት» አለችኝ ሐሊማ ከታች፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። «ልቀቂው፣ ይዤዋለሁ።»

ለቀቅኩት።